ደመናው እንዲገፈፍ የለመንኩት

ነሐሴ 12 ቀን 1954፣ ጠዋት

ዛሬም ዝናብ። ካፖርቴ አልደረቀም። ካልሲዬ አልደረቀም። አንተም ደብተሬ ጠርዝህ ርሶ አብጠሃል። በራፌ ላይ ቆሜ ገደሉን አያለሁ። ማዶ መርሐቤቴ ፀሐይ ወጥቶለታል፣ እኔ እዚህ ጥርሴን አፋጫለሁ። ባለቤቴ የሺ እዚያ ናት። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል ተብሎ በሰኔ ወሰዷት። አብሬያት ልወርድ ነበር። የማስተምርበት ት/ቤት ጣራ በጓሳ ሣር ሳይከደን ንቅንቅ የለም ተባልኩ። ጣራው ሲያልቅ በመካከላችን ያለው ወንዝ ሞላ። በደብረ ብርሃን ልዙር ብል በዚህ ጭቃ መኪና አያልፍም። ይኸው፣ እዚህ ቀየት ደጋ ላይ ተቀርቅሬያለሁ።

ነሐሴ 15፣ ምሽት 1 ሰ.

አላስቻለኝም፣ ወረድኩ። ስነሳ ካፖርት ደርቤ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ አወለቅኩት፣ ታች ስደርስ ሸሚዜም ከበደኝ። ወይ ሙቀት! ማሽላው በውሃ ጥም ቅጠሉን ጠቅልሏል። ለቆለኞቹ ጠብታ አልወረደላቸውም። ወንዙ ግን ደፍርሶ ግንድ እያንከባለለ ይሄዳል። ሰው የሚያሻግረው ዋናተኛ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ለመንኩት። ሳቀብኝ። የያዘህ የራስህ አገር ዝናብ ነው አለኝ። ደመናው እላይ እናንተ ዘንድ ይራገፋል፣ ለእኛ የሚተርፈን ጎርፉ ብቻ ነው። እላይ ሁለት ቀን ያባራ እንጂ አሻግርሃለሁ አለ።

ተራራ ደመናን ያስቀራል፣ ከሥሩ ያለው ቆላ ይደርቃል። ስንቴ በጥቁር ሰሌዳ ስዬ አስተምሬዋለሁ! አሁን ሥዕሉ ውስጥ ገብቼ ቁጭ ብያለሁ።

ሌላም ነገረኝ። ትናንት ከማዶ ዳር ሰው ጮኾ ያሰማውን። የሺ እግሯ አብጧል፣ ፊቷም። ባሌ የት ቀረ ትላለች። ሽቅቡን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም።

ነሐሴ 16፣ ፍልሰታ

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ስለ ገብሱ ጸለየ። ዝናቡ ቶሎ እንዳያባራ። ቤት ያከራዩኝ አቶ ደምሴ ከጎኔ ቆመው ነበር። በልጉ ከድቷቸዋል፣ ያላቸው ይኸው ማሳ ላይ ያለው ገብስ ነው። ገና እሸት ነው። ደመናው ከተገፈፈ ሌሊት ውርጭ ይወርድበታል። ደመና የገብስ ጋቢው ነው ይላሉ።

ሁሉም አሜን አለ። እኔም አፌ አሜን አለ። በሆዴ ግን ያባራልኝ፣ ሁለት ቀን ብቻ ያባራልኝ አልኩ። እዚያው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ! ላንተ ለደብተሬ ካልነገርኩ ለማን ልንገር?

ነሐሴ 20

ዝናብ። ዝናብ። ጭጋጉ ከገደሉ ወጥቶ ማዶን ጋረደው። የመርሐቤቴን ፀሐይ እንኳን ነሳኝ። እትዬ ጽጌ፣ የአቶ ደምሴ ባለቤት፣ ምነው ምግብ ጠላህ አሉኝ። ጨጓራዬ ነው አልኩ። ውሸት።

ነሐሴ 23

ከትናንት ጀምሮ ጠብ አላለም። ሰማዩ ጥርት! ልዘል ምንም አልቀረኝ። ነገ ወንዙ ይጎድላል። አቶ ደምሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሽቅብ ያያሉ። ቁርስ አልቀመሱም። ደስታዬን እንዳያዩብኝ ፊቴን አዞርኩ።

ነሐሴ 24፣ ንጋት

ሜዳው ነጭ ሆኖ አደረ። ውርጭ።

ረፋድ 4 ሰ.

ፀሐይ ሲያገኘው ገብሱ የፈላ ውሃ የተደፋበት መሰለ፣ ተኛ። አቶ ደምሴ ዛላውን በመዳፋቸው አሹት። ፍሬ የለውም፣ ውሃ ብቻ። እትዬ ጽጌ ደረታቸውን መቱ።

ውርጭ በእኔ ልመና እንደማይወርድ አውቃለሁ። ሰማይ ሲጠራ የምድር ሙቀት ወደ ላይ ያመልጣል፣ ደጋው ይበርዳል፣ አለቀ። አስተምሬዋለሁ እኮ! አንጀቴን ግን ማን ያስተምረው?

ጓዜን አሰርኩ። እትዬ ጽጌ ስልቻ ይዘው ገቡ። የገብስ ዱቄት፣ ከዚያችው ከቀረቻቸው። የሺ ስትወልድ ለገንፎ ነው። ቆላ ገብስ የለም ልጄ፣ በምን ጉልበቷ ይመለሳል አሉ። አልወስድም አልኩ። ተቆጡኝ። የአራስ ስንቅ አይመለስም፣ ነውር ነው! አቶ ደምሴም ከበሩ ላይ፣ ለእኛ ባይሆንም ለአንተ መንገድ ተከፈተልህ፣ ተመስገን አሉ።

ተመስገን አሉ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ስልቻውን ተሸክሜዋለሁ። አቶ ደምሴ እስከ አፋፉ ሊሸኙኝ ደጅ ቆመዋል። እነግራቸዋለሁ። አፋፉ ጋ ሳንደርስ የለመንኩትን እነግራቸዋለሁ። ከፈለጉ ስልቻውን ይቀበሉኝ፣ ከፈለጉ

ጠሩኝ። ቶሎ ውጣ፣ ታች ፀሐዩ ይከርርብሃል ይላሉ