ስለ ቂጣ ድቡልቡል የተጻፈ ሕግ

አንትወርፕ፣ እሑድ፣ አዳር 21 ቀን
(ማርች 22 ቀን 1987)

ውድ ልጄ ሊፓ፣

ይህን ከማንበብህ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ፤ የሞተ ሰው የለም። ከቤት የሚመጣ ወፍራም ፖስታ ልብ እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ በሽታ የለብኝም። ዝናቡም እንደምታውቀው ነው፤ ከታኅሣሡ የሃኑካ በዓል ወዲህ ሁለት ቀን በተከታታይ ፀሐይ አላየንም።

የምጽፍልህ ስለ አባትህ ነው። እስካሁን በጻፍኩልህ ደብዳቤ ሁሉ «አባትህ ደህና ነው» ከማለት ሌላ አልጨመርኩም። አንተም በመልስህ ስሙን ሳታነሳ ስድስት ዓመት አለፈ። ዛሬ ግን የምለምንህ ነገር አለ፤ እስከ ደብዳቤው መጨረሻ አላስጠብቅህም። ለቂጣ በዓል ና። የመጀመሪያው ማታ ሳይደርስ፣ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት እዚህ ሁን። ምክንያቱን በቅደም ተከተል እነግርሃለሁ።

ከሃኑካ በኋላ በነበረው ሳምንት አባትህ አልማዝ መወልወያው ፊት ተቀምጦ ሳለ ግራ እጁ አልታዘዝ አለው። ድንጋዩ ከእጁ ወደቀ፤ ቀጥሎ እሱ ራሱ ወደቀ። ሆስፒታል አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኛ። አልጻፍኩልህም፤ «አትጻፊ» ብሎኝ ነበር፣ ያኔ ደግሞ መናገር የሚችለው ሁለትና ሦስት ቃል ብቻ ስለነበር እሺ አልኩት። አሁን አንደበቱ ተመልሷል። ከዘራ ይዞ ምኩራብ ድረስ ይሄዳል። ያልተመለሰው ጉሮሮው ነው። ደረቅ ነገር ሲውጥ መንገዱን ይስትና ትን ይለዋል። ሐኪሟ እኔን ለብቻዬ ወደ ኮሪደር ወስዳ «ደረቅ ነገር በአፉ እንዳይገባ፤ አንዴ ብቻ ይበቃል» አለችኝ። ምን እንደሚበቃ አልጠየቅኋትም። ዳቦውን በወተት፣ ድንቹን በሾርባ እያራስኩ አበላዋለሁ።

አሁን ደግሞ የቂጣ በዓል እየመጣ ነው። በዓለም ላይ ከቂጣ የበለጠ ደረቅ ምግብ የለም፤ የእኛ ቤት ደግሞ ቂጣ በውሃ የማያርስ ቤት ነው። አልረሳኸውም። ሰባት ቀን ሙሉ የውሃ ጠብታ ቂጣ አይነካም፤ ሾርባ ሲቀርብ ቂጣው በጨርቅ ይሸፈናል፤ ፍርፋሪ ያለበት ሳህን ሳይራገፍ አይታጠብም። በስምንተኛው ቀን ብቻ ይፈቀዳል። ያን ቀን ነበር ቂጣውን ፈጭቼ፣ ከእንቁላልና ከዶሮ ስብ ጋር አቡክቼ፣ አድበልብዬ በሾርባ የምቀቅልላችሁ። እናንተ ዘንድ ሃይፋ በዓሉ ሰባት ቀን ብቻ ስለሆነ ስምንተኛ ቀን የላችሁም። ራስህ በሌላ ጊዜ ካልሠራህ በቀር ድቡልቡል ከቀመስክ ስድስት ዓመት አልፎሃል ማለት ነው። ስለ እሱም አንዳንዴ አዝናለሁ።

አሁን ወደ ጌትዝል ልምጣ። ጌትዝል የአንደኛ ፎቋ የወይዘሮ ታውባ አዲሱ አማች ነው፤ ከስትራስቡርግ የመጣ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ጨዋ ሰው። የሳሙናውን ካርቶን ዙሪያውን ሳያነብ እጁን የማይታጠብ ዓይነት ነው። ለፉሪም በዓል አንድ የቆየ የጸሎት መጽሐፍ ከመደርደሪያችን ተውሶ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ መጽሐፉን ሊመልስ መጣ። ባርኔጣውን በአንድ እጁ፣ ከመጽሐፉ ውስጥ ያገኛቸውን አራት የታጠፉ ወረቀቶች በሌላው ይዟል። ወረቀቶቹን ከሩቅ ነው ያወቅኋቸው። የአንተ ናቸው። ሕጉ በመሃል በትልቅ ፊደል፣ ማብራሪያው ዙሪያውን በደቃቅ ፊደል፤ ስም የለም፣ ርዕስ የለም፤ ልክ ከጥንት መጽሐፍ የተገለበጠ ይመስላል።

«ረብ ዛንቭል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለው ጌትዝል አባትህን። «ከየትኛው መጽሐፍ እንደተወሰደ አላወቅኩትም። ሕጉ ግን በጣም ከባድ ነው።»

«እስቲ አንብበው» አለው አባትህ።

ጌትዝል ቆሞ በምኩራብ ዜማ አነበበ። «አንቀጽ አንድ፦ ድቡልቡልን በሹካ የወጋ ሰው፣ የቤቱን እመቤት እንደ ወጋ ይቆጠራል፤ በማንኪያ ይቆረሳል እንጂ። አንቀጽ ሁለት፦ ከሦስት በታች የበላ ግዴታውን አልፈጸመም፤ ከስድስት በላይ የበላ የጎረቤቱንም ግዴታ ፈጽሞለታል። አንቀጽ ሦስት፦ ድቡልቡል ወለል ላይ ወድቆ ድምፅ ካሰማ ለመብል አይሆንም፤ ለበር ማቆሚያ ግን ይፈቀዳል። ድምፅ ማሰማቱ ካጠራጠረ አብሳይዋ ትጠየቅ፤ የጠየቃት ሰው ግን እራቱን ሌላ ቤት ይፈልግ።»

እኔ የወጥ ቤቱ በር ላይ ሽርጤን ነክሼ ቆሜያለሁ።

«ረብ ዛንቭል፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በሹካ ነው የበላሁት» አለ ጌትዝል። «አማቴ ቤት እንኳ፣ ባለፈው ዓመት፣ በሹካ። ንስሐው ምንድን ነው?»

አባትህ በደረጃው የሚወረውረው መስሎኝ ነበር። እጁን ዘርግቶ ወረቀቶቹን ተቀበለ። መነጽሩን አደረገና እስከ መጨረሻው አነበበ። ዘጠነኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ አየሁት። ወረቀቱ እጁ ላይ ቆመ።

«ተውልኝ፤ በጽሑፍ እመልስልሃለሁ» አለው።

«ሹካውስ?»

«እስከዚያው በማንኪያ ብላ።»

ሊፓ፣ ከስድስት ዓመት በፊት የነበረውን ያን የፉሪም ቀን ሁለታችንም አንረሳውም። በፉሪም ትንሹ በትልቁ ይቀልዳል፤ ልማድ ነው፣ አጠፋህ የሚልህ የለም። የአባትህን የፀጉር ባርኔጣ ደፍተህ ወንበር ላይ ወጥተህ በእሱ ድምፅ ያን የጻፍከውን ሕግ አነበብክ፤ ሃያ እንግዳ ነበር። አንተ ያላየኸውን እኔ አይቻለሁ፤ እስከ ስምንተኛው አንቀጽ ድረስ አባትህ እየሳቀ እንባውን ይጠርግ ነበር። ከዚያ ዘጠነኛውን አነበብክ። «አባቱ ቂጣ አርሶ ያልበላ፣ አያቱም አርሶ ያልበላ ሰው፣ ልማዱን ከመያዙ በፊት፣ ለመሆኑ ሾርባ ነበራቸው ወይ ብሎ ይጠይቅ።» ሰው ሁሉ ሳቀ። አባትህ ተነሥቶ ባርኔጣውን ከራስህ ላይ አወረደና ወጣ። በማግስቱ አንተ «ቀልድ የማይገባህ ሰው ነህ» አልከው። እሱ «ልጄ አይደለህም» አለህ። ወሩ ሳያልቅ ሃይፋ ነበርክ። ክብሩ ተነክቶበት ነው ብዬ ነበር የማምነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በልቤ ላንተ ስፈርድ ኖርኩ።

ረቡዕ ዕለት ከገበያ ስመለስ መኝታ ቤት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ፊቱ ጠቁሯል፤ ትንፋሽ የለውም። ጀርባውን በሁለት እጄ መታሁት፤ ሦስት ጊዜ። ከአፉ የወጣው ደረቅ ብስኩት ነው። ትራሱ ሥር አንድ ሙሉ ፓኮ ደብቋል። ለካ ከበዓሉ በፊት ደረቅ ነገር መዋጥ እየተለማመደ ነው።

«አብደሃል?» አልኩት። «ረቢው አርሰህ ብላ ብሎህ የለ? የታመመ ሰው ይፈቀድለታል ብሎ በራሱ እጅ ጽፎልህ የለ?»

«ረቢው አባቴን አያውቀውም» አለ።

ሐሙስ ጠዋት ነገረኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ያልነገረኝን ነው። እንደ ነገረኝ እጽፍልሃለሁ፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም።

በጦርነቱ ጊዜ፣ በመጨረሻው የቂጣ በዓል፣ እሱና አያትህ ዮኤል ፖላንድ ውስጥ በአንድ ገበሬ ጎተራ ሥር ተደብቀው ነበር። እሱ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። አያትህ አንድም ጥርስ አልቀረውም። የገበሬው ሚስት አንድ ጭብጥ ዱቄት ሰጥታቸው በምድጃ ክዳን ላይ ሦስት ትንንሽ ቂጣ ጋገሩ። የመጀመሪያው ማታ አያትህ ደረቁን ማላመጥ አልቻለም። አባትህ በቆርቆሮ ሞቅ ያለ ውሃ አመጣለት። «አባዬ አርሰው፤ ማንም አያይህም» አለው። አያትህም «እኔ አየዋለሁ» አለ። ቂጣውን በአፉ እንደ ያዘ፣ በራሱ ምራቅ እስኪለሰልስ ጠበቀ። በሚቀጥለው ቀን ግን ሁለተኛውን ቂጣ ለአባትህ ሰጠው፤ ሦስተኛውንም ሰጠው። በስድስተኛው ቀን ሞተ።

ስለዚህ ለጠየቅኸው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ሾርባ አልነበራቸውም። ውሃ ግን ነበራቸው፤ ያቀረበለትም አባትህ ነው።

አታልቅስ። እንዳላወቅህ ያውቃል። «ለልጁ ምንም ያልነገረ ሰው ልጁ አላወቀም ብሎ ይቆጣል?» አለኝ። «ይኸው እኔ ተቆጣሁ።»

ዓርብ ዕለት ሰንበት ከመግባቱ በፊት ለጌትዝል የጻፈውን መልስ ጨረሰና አነበበልኝ። ሦስት ገጽ ነው። ሹካን በተመለከተ፣ ሳያውቅ ያደረገው ስለሆነ ንስሐ የለበትም፤ ሆኖም ለአማቱ አንድ ጊዜ ሳህን ይጠብላት ይላል። ድምፅ ስለሚያሰማው ድቡልቡል ሲጽፍ ደግሞ እንዲህ ያለውን አይቶ እንደማያውቅ ይናገራል፤ የእኔን እድሜ ልኩን በልቷልና። ይህን ሲያነብ ቀና ብሎ አየኝ። ዘጠነኛውን በተመለከተ እንዲህ ይላል፤ ቃል በቃል ገልብጬልሃለሁ፦ «ጸሐፊው በትክክል ጠይቋል። የሚጠይቅ ሰው ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ መልሱን እያወቀ ዝም ባለው ላይ ነው።»

«ቀልድ መሆኑን ለምን አልነገርከውም?» አልኩት።

«ምኩራብ አግኝቶኝ ማን ጻፈው ብሎ ጠየቀኝ። ልጄ ነው አልኩት። ልጄ የጻፈውን ቀልድ ነው ብዬ ለስትራስቡርግ ሰው ልናገር?»

ጌትዝል መልሱን በሁለት እጁ ተቀበለ። እንደ ሰማሁት ታውባ ወጥ ቤት ሳህን እያጠበ ነው፤ ታውባም ምን ነካው እያለች ነው።

አሁን ዋናው ነገር። አባትህ አርሶ ለመብላት ተስማምቷል። ግን በረቢው ፈቃድ አይደለም። ዕድሜ ልክ የተያዘ ልማድ እንደ ስእለት ነው፣ ስእለት ደግሞ በሦስት ሰው ፊት ካልተፈታ አይፈታም አለ። አንዱ ጌትዝል ነው። ሁለተኛው ከመወልወያው ቤት ሽማግሌው ሄርሽ-ቤር ነው። «ሦስተኛ የምኩራቡን ዘበኛ ልጥራልህ?» አልኩት። ሄዶ የሕግ መጽሐፉን አወረደ፤ በአንድ እጁ ሲገልጥ ረጅም ጊዜ ፈጀበት፤ አንድ መስመር ላይ ጣቱን አስቀመጠልኝ። ስእለት ለመፍታት ዘመድም ይሆናል ይላል።

«ማንን ነው የምትለው?» አልኩት። አውቄያለሁ፤ ግን ከአፉ መስማት ፈለግሁ።

«ሰው አለኝ» አለ። «ሩቅ ነው እንጂ።»

«ልጻፍለት?»

«እኔ ጻፊ አላልኩሽም» አለ። ከዚያ ብዕሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ እኔ በተቀመጥኩበት በኩል አስቀመጠው። የምጽፍልህ በዚያ ብዕር ነው።

ሃይፋ ባርኔጣ አድርገህ ሂድ ባዶ ራስህን፣ ሰንበትን ጠብቅ አትጠብቅ፣ እኔ አልጠይቅም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ብዙ የሚጠበቅብህ ነገር የለም። ከሁለቱ ጋር ትቀመጣለህ፤ እሱ የሚለውን ይላል፤ እናንተ ሦስት ጊዜ «ተፈቶልሃል» ትሉታላችሁ። በቃ። ባትመጣ ሌላ ሦስተኛ ሰው እንደማይፈልግ አውቀዋለሁ፤ በመጀመሪያው ማታ ደረቁን ያነሣል። እኔም አጠገቡ እቀመጣለሁ።

ከበዓሉ ዋዜማ በፊት ባለው እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሦስቱን ወንበሮች ሳሎን አዘጋጃለሁ። በሕጉ የሚፈቱት ይቀመጣሉ፤ የሚለምነው በፊታቸው ይቆማል። «ተቀምጠህ ብትለምን ምን አለበት?» ብለው አሻፈረኝ አለ። ሐኪሟ ከአምስት ደቂቃ በላይ እንዳይቆም ብላዋለች፤ እሱ ግን ሦስተኛው ወንበር ባዶ እያለ አይጀምርም፣ አይቀመጥምም።

የአባቶችህ አምላክ በመንገድህ ይቅደም፤ በሄድክበት በር ይክፈትልህ። ጤና ይስጥህ፤ ቀልድህን አይንሳህ። ልጄ፣ አባትህን ብዙ አታቁመው።

እናትህ
ሂንዴ