በቆምኩበት ለተደረገልኝ የኅሊና ጸሎት የቀረበ ምስጋና

ለአካባቢያችን ስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ እርስዎም ቤተሰብዎም በፍጹም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ ራሴ ጤንነት መጻፍ ግን አስቸግሮኛል፤ ጽሕፈት ቤትዎ ባለፈው ወር መሞቴን በድምፅ ማጉያ ስላስታወቀ፣ ደኅና ነኝ ብል መሥሪያ ቤትዎን ማስተባበል ይሆንብኛል።

ምናልባት ባያውቁኝ፣ ሳህሌ ቀናው እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ነው። ከ1963 እስከ 1976 ዓ.ም. አቃቂ በሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን ውስጥ ቅርጫት ኳስ ተጫውቻለሁ። ደመወዜ የሚወጣው በመጋዘን ጸሐፊነት ቢሆንም መጋዘኑን የማውቀው ከውጭ ነው፤ ሥራዬ ኳስ ነበር። በ1976ቱ የፍጻሜ ጨዋታ ጉልበቴ ከተሰበረ በኋላ በማታው ክፍለ ጊዜ ተምሬ በስታቲስቲክስ ተመረቅሁ። ላለፉት ስድስት ዓመታት ደግሞ እሑድ እሑድ ጠዋት በወጣት ማዕከሉ ሜዳ አሥራ አንድ ሴት ልጆችን አሠለጥናለሁ። አሠለጥን ነበር ማለቴ ነው።

1. በቅድሚያ ስለ አሟሟቴ አመሰግናለሁ። የአካባቢው ፋብሪካዎች የቀድሞ ሠራተኞች እድራችን የሚሰበሰበው በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ጠዋት ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ሜዳ ስለምውል ሦስት ስብሰባ በተከታታይ ቀረሁና፣ በደንቡ መሠረት ስሜ በቀይ እስክሪብቶ ተሰረዘ። በዚህ ቅሬታ የለኝም። ባለሙያዎችዎ የቀድሞ ስፖርተኞችን ስም ለማሰባሰብ የእድሩን መዝገብ ሲዋሱ፣ በቀይ የተሰረዘውን ሁሉ ሞቷል ብለው ጻፉ። አንድ ሰው መጠየቅ ይበቃ ነበር። ቤቴ ከጽሕፈት ቤትዎ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ያውም በእኔ ጉልበት።

2. በአካባቢያችን የቅርጫት ኳስ ውድድር መክፈቻ ላይ ስለተደረገልኝ የኅሊና ጸሎትም አመሰግናለሁ። ከልጆቼ ጋር ተሰልፌ ነበር። ከስምንት ሟቾች ስሜ አራተኛ ሆኖ ተጠራ። ሰው ሁሉ ባርኔጣውን ሲያወልቅ እኔም አወለቅሁ። የቡድኑ አምበል እምነት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ እርሶም ይቆማሉ እንዴ?» አለችኝ። ጸሎት ላይ ነን፣ ዝም በይ አልኳት። ምን ተሰማህ ብለው የጠየቁኝ አሉ፤ ምንም አልተሰማኝም።

3. በሚቀጥለው እሑድ የሜዳው ዘበኛ በስሜ ጠርተው፣ ጤንነቴን ጠይቀው፣ የሟች የሜዳ ፈቃድ ተሰርዟል የሚለውን ባለማኅተም ደብዳቤዎን አነበቡልኝ። ልጆቹ እስከ አራት ሰዓት አጥሩ ሥር ተቀምጠው ወደየቤታቸው ሄዱ። ይኸው አምስት እሑድ ሆነ።

መታወቂያዬን ይዤ ብመጣ፣ መታወቂያው በሕይወት መኖሬን እንጂ ያ ተጫዋች መሆኔን አያስረዳም ተባልኩ፤ ምስክር እንዳቀርብም ታዘዝኩ። የቡድን ጓደኞቼ ያደላሉ ተብለው ተመለሱ። በመጨረሻ የተጋጣሚያችን የብረታ ብረት ፋብሪካ ቡድን ተከላካይ የነበረውን ዱሬሳ ጀቤሳን ለምኜ አመጣሁ። ከዚያ የፍጻሜ ጨዋታ ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ባለሙያዎ ፊት ቆሞ፣ «ይህን ጉልበት የሰበርኩት እኔ ነኝ። የሰበርኩትን ሰው አልስትም» አለ። ሃያ አራት ዓመት የጠበቅሁት ይቅርታ ይህ ከሆነ፣ ያገኘሁት በእርስዎ ቢሮ ነውና ለዚህም አመሰግናለሁ። ባለሙያዎ ግን ቃሉን «የግል ጠብ ያለበት ምስክር» ብለው መዘገቡት። አክለውም የውድድሩ ዋንጫ «የሳህሌ ቀናው መታሰቢያ» ተብሎ መቀረጹን፣ መታሰቢያ ደግሞ በሕይወት ላለ ሰው እንደማይሰየም በትሕትና አስረዱኝ።

ስለዚህ ክርክሩን ትቻለሁ። እንደሞትኩ እቆያለሁ፤ ዋንጫዎ አይበላሽ። ዱሬሳ ከእድሩ ስብሰባ ቀርቶ ስለማያውቅ በመዝገብዎ በሕይወት አለ፤ በእኔ ቦታ አሠልጣኝ ሆኖ ለመፈረምም ተስማምቷል። የምለምንዎ የሜዳው በር እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ለልጆቹ እንዲከፈትላቸው ብቻ ነው። እኔ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። ሟች አግዳሚ ላይ እንዳይቀመጥ የሚከለክል መመሪያ ካለ በጽሑፍ ይድረሰኝ፤ አድራሻውን ለሟች ቤተሰብ ቢያደርጉት ባለቤቴ ሥርጉት ትቀበላለች።

ትዝታዬን ከእኔ በላይ ለሚንከባከቡት ጽሕፈት ቤትዎ ካለኝ ጥልቅ አክብሮት ጋር፣

ሳህሌ ቀናው
(በመዝገብዎ፦ ነፍስ ይማር)
ቃሊቲ፣ ጥር 2000 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ የኅሊና ጸሎቱ የአንድ ደቂቃ ነው ተብሎ ነበር። በሰከንድ ስጫወት የኖርኩ ሰው በመሆኔ በሰዓቴ ይዤው ነበር፤ በአሥራ ዘጠነኛው ሰከንድ እርስዎ ጉሮሮዎን ጠርገው ንግግርዎን ጀመሩ። በእኔ በኩል ችግር የለውም። ነገር ግን የተቀሩት ሰባቱ በእርግጥ ሞተዋል፤ ከአምስቱ ጋር አብሬ ተጫውቻለሁ። ሜዳው ከተከፈተልን እኔና ልጆቹ የመጀመሪያውን እሑድ አርባ አንድ ሰከንድ ቆመን እንጨርስላቸዋለን።