የፈንታው ስም በደብተሩ ላይ

ሰኞ

ትዕግሥት ዛሬም ደወለች። «አባዬ፣ ዝርዝሩን ላክልኝ እንጂ!» ልጄ ካናዳ ከገባች ወዲህ ያለ ዝርዝር መተንፈስ ትታለች። ምን ይሸጣል፣ ምን ይቀራል፣ የሚቀረውስ በማን ስም? ወደ እሷ ከመሄዴ በፊት ሁሉም በወረቀት ይለቅ ነው የምትለው። እሺ።

የሰቆጣው ቤት፦ ይሸጣል፤ ገዢ አለ።
ቀፎዎቹና ፍየሎቹ፦ ለእኅቴ ለእትዬ ሙሉ።
የገጠሩ መሬት፦

እዚህ ላይ ቆምኩ። የመሬት ደብተሩ ላይ ሁለት ስም ነው ያለው፤ የእኔና የታናሽ ወንድሜ የፈንታው። ፈንታው በጦርነቱ ጊዜ ፍየሎቹን ሊያመጣ ወደ ተከዜ እንደ ወረደ ቀረ። ፍየሎቹ ብቻቸውን መጡ።

ማክሰኞ

መሬት አስተዳደር ሄድኩ። መሬቱን ለእኅቴ በስጦታ ላዛውርላት ነው አልኩ። ሠራተኛው ትሑት ነው። «መምህር፣ የርስዎ ድርሻ ቀላል ነው። ወንድምዎ ግን ካሉ ይምጡ፤ ከሌሉ ሽማግሌዎች ሞታቸውን ይመስክሩ» አለኝ። እንዲህ ቀላል ነው ለካ!

ስመለስ ገበያ ውስጥ የፈንታውን ጀርባ አየሁ። አካሄዱ ራሱ ነው። ተከተልኩት። ዘወር ሲል የማላውቀው ጨው ነጋዴ ሆነ። አፍሬ የጨው ዋጋ ጠየቅሁት፤ ሳልፈልግ ገዝቼም ገባሁ።

ሐሙስ

ወደ መንደር ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ እሺ አላሉም። «ተዝካሩን ሳንበላ ሞቷል ብለን እንዴት እንፈርማለን?» አሉ አያ ካሳ። እውነታቸውን ነው። እናታችን «ይመጣል» እያለች ተዝካር ሳታወጣለት ሞተች። እኔም አላወጣሁለትም። ቅዳሜ ፍትሐት እንዲደርስለት፣ ዳቦና ንፍሮ እንዲቀርብ ተስማማን።

እትዬ ሙሉ አላናገረችኝም። ስንዴ እየለቀመች በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንኛ ታጉረመርማለች። ሰምቻታለሁ። «ለመሄድ ብሎ ገደለው» ነው የምትለው።

ቅዳሜ

ምን አደረግኩ!

በቅርብ የመጡት የመንደሩ ቄስ «የክርስትና ስሙን ጽፈህ ስጠኝ» አሉኝ። ጽፌ ሰጠሁ። ጥግ ይዤ ቆሜ ስሰማ «ነፍሰ ገብርከ ኃይለ ማርያም» ይላሉ። ደገሙት። የፈንታው ክርስትና ስም ገብረ ሚካኤል ነው። ኃይለ ማርያም እኔ ነኝ።

የክርስትና ስም እኛ ዘንድ በየሜዳው አይወራም። ከቆሙት ሰዎች ውስጥ ነገሩን ልታውቅ የምትችል እትዬ ሙሉ ብቻ ናት። ቀና ብዬ አየኋት፤ እሷም ትኩር ብላ ታየኛለች። አባ፣ ይቁሙ ማለት ነበረብኝ። ጸሎቱ አለቀ፣ ሰው «ነፍስ ይማር» አለኝ፣ የራሴን ንፍሮ ቆርጥሜ በላሁ። ሽማግሌዎቹም ፈረሙ። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው።

እሑድ

እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስም ስጠራ የኖርኩ አስተማሪ እንዴት የሁለት ሰው ስም ይምታታብኛል? እጄ ነው የተሳሳተው ወይስ ሆዴ እምቢ ብሎ ነው? አላውቅም። ከቅዳሴ በኋላ ለቄሱ ተናገርኩ። «ለወንድምህ እንግዲህ ገና አልተጸለየም። በስሙ ልድገምለት?» አሉኝ።

«ይቆይ፣ አባ» አልኩ። ወረቀቱን ለአያ ካሳ መለስኩላቸው፤ ምክንያቱንም ነገርኳቸው። አማትበው ቀደዱት።

ለትዕግሥት ዝርዝሩን ላክሁ። የእኔ ድርሻ ለእትዬ ሙሉ። የፈንታው ድርሻ የፈንታው። ወዲያው ደወለች። «አባዬ፣ አጎቴ እኮ የለም! አንድ ቀን መሬቱ ቢወሰድስ?» ሊወሰድ ይችላል። ፈርቻለሁ፤ እንደፈራሁም ነገርኳት።

እትዬ ሙሉ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘችኝ። ከሐሙስ ወዲህ ያናገረችኝ ገና አሁን ነው። ጋቢዬን አስተካከለችልኝና «በል ሂድ» አለችኝ። «አንተን ፍትሐት አድርሰን ሸኝተንሃል። እሱን እኔ እጠብቀዋለሁ።»