አባባና ዒላማው

ይድረስ ለወንድሜ ለሪያድ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታዬ ከሰፈራችን ከሄርማታ ጭቃ ወጥቶ ጃፓን ደጅህ ላይ ጫማውን አውልቆ ይግባልህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ዝናቡ ብቻ አላባራ ብሎናል። መጻፉን የመረጥኩት ስልክ ስደውልልህ አባባ ከአጠገቤ ስለማይጠፉ ነው።

ስፌቱን አሁን እኔ ነኝ የያዝኩት። «የስፌት መኪናውን እጅሽ ይልመደው» ብለው ሱቅ መሄድ ትተዋል። ባለፈው ስትመጣ ያስተማርካቸውን የጃፓን ቀስት ግን አልተዉም። ጠዋት ጠዋት ጓሮ ወጥተው፣ ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ገለባ ወደሞላነው የቡና ጆንያ ይወረውራሉ። ጆንያውን ሁለት ጊዜ አስጠግተነዋል። «ሪያድ ከሃያ ስምንት ሜትር ነው አላለም?» ብላቸው ተቆጡኝ።

«ቁም ነገሩ መምታቱ አይደለም፤ ልብን ማቅናት ነው። ይህንንም ያለው ራሱ ሪያድ ነው» አሉኝ።

እውነት ነው፣ ብለሃል። አንዳንዴ ምን ሊያደርግላቸው አስተማራቸው እያልኩ እናደድብሃለሁ።

ማክሰኞ ዝናቡ ሲመጣ ጆንያውን ወደ ቤት አስገባሁት። እንዳባራ አባባ፣ ጆንያውን ማስገባቴን ሳልነግራቸው፣ ወጡ። ደጋኑን ሳቡ፣ ለቀቁ፣ እንዳሳየሃቸውም እጃቸውን ዘርግተው ዝም ብለው ቆሙ። ቀስቷ ሄዳ የጎረቤት አጥር ላይ ተሰካች። ፊታቸው እንዴት እንደበራ!

«ሲሃም ልጄ፣ የት ላይ አረፈ?» አሉኝ።

«መሐሉ ላይ፣ አባባ» አልኳቸው።

ክረምቱ ሳይወጣ ብትመጣ ጥሩ ነበር። አላህ በሰው አገር ይጠብቅህ። ደግሞ ከእንግዲህ ፎቶ አትላክላቸው፤ ድምፅህን ቀድተህ ላክላቸው።

እህትህ ሲሃም