ጠረጴዛዬ ያለበት ግድግዳ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 25

ዛሬም ከግድግዳው ወዲያ ከፈቱት። ያው መዝሙር ነው። ያልቃል፣ ደግሞ ከራሱ ይጀምራል። ወላይትኛ ስለሆነ አንድ ቃል አይገባኝም፤ ዜማውን ግን ከፍትሐ ብሔር ሕጉ የበለጠ ሸምድጄዋለሁ። ይባስ ብሎ ዜማው ያምራል።

ፈተናው ዘጠኝ ቀን ቀረው። የመውጫ ፈተና፣ ለሁለተኛ ጊዜ። ባለፈው የወደቅኩት በሦስት ነጥብ ነው።

በዓይኑ የሚያጠና ሰው ቢረብሹት ፊቱን ያዞራል። እኔ የማጠናው በጆሮዬ ነው፤ ጆሮ ደግሞ እንደ ዓይን ቆብ የለውም። የክፍሌ ልጅ ሐና ያለውን መጽሐፍና ሞጁል ሁሉ አንብባ ስልኬ ላይ ቀድታልኛለች። ድምፅዋን እሰማለሁ፣ አቆማለሁ፣ ዋና ዋናውን በብሬል እወጋለሁ። እሷ ስለ ውል መፍረስ ስታስረዳኝ ከወዲያ በኩል ከበሮ ይገባባታል። ኢርፎንም ሞክሬያለሁ፤ ከበሮው አብሮ ገባ።

ግድግዳው እኮ ግድግዳ አይባልም። አንድ ሰፊ ክፍል ነበር፤ አከራያችን ኦቦ ገመቹ በቺፑድ ለሁለት ከፈሉት። በዚህ በኩል እኔ፣ በዚያ በኩል አስቴርና ምሕረት። ግቢው የተማሪ ግቢ ነው። እነሱም ተማሪ ናቸው፣ ግን ቅዳሜና እሑድ ብቻ፤ በሌላው ቀን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የሚሠሩት። በር ላይ ስንገናኝ «እንዴት ነሽ እህቴ፣ ጌታ ይባርክሽ» ይሉኛል፣ ድምፃቸው ማር ነው። ገብተው በራቸውን ሲዘጉ ይኸው።

ከወደቅኩ ጊንጪ ነው የምመለሰው። አባቴ ቤት፣ ጥግ ላይ ያለችው መደብ። ሰበታ አዳሪ ትምህርት ቤት እስክገባ፣ እስከ ሰባት ዓመቴ፣ እዚያች ላይ ተቀምጬ ነው ያደግኩት። ማንም ክፉ አልነበረም። ሁሉም ያዝንልኝ ነበር። «ምስኪን፣ እሷን አታስቸግሯት» ይባላል፣ ልጆቹ ወደ ውጭ ይሮጣሉ፣ እኔ እቀራለሁ። ከፈተናው በላይ የምፈራው ያቺን መደብ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 26

የሕግ ተማሪ ማልቀስ የለበትም፤ ማስረጃ ይሰብስብ። ስለዚህ ቀኑን በሰዓት መዘገብኩት።

3፡20 ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ማስታወሻ መያዝ ጀመርኩ።
3፡35 ግድግዳው ከወዲያ በኩል ዱብ ዱብ ተደረገ።
3፡40 መዝሙር።
5፡00 ምሳ ልሠራ ተነሳሁ።
5፡30 መዝሙሩ ቆመ።
8፡10 ተመልሼ ተቀመጥኩ።
8፡25 ዱብ ዱብ። መዝሙር። ከጠዋቱ ጮክ ያለ።

ሆን ብለው ነው! ሥራ እስክጀምር ይጠብቁኛል ማለት ነው። ምን እንዳደረግኳቸው አላውቅም። ማታ እየሠሩ፣ ቀን መዝሙር እየከፈቱ፣ መቼ ነው ለመሆኑ የሚተኙት?

ጫማዬን አውልቄ በተረከዙ ግድግዳውን ሦስቴ መታሁት። ወዲያው ጸጥ አለ። አሸነፍኩ ብዬ ሳልጨርስ ድምፁን ጨመሩት።

ጠረጴዛዋን ኦቦ ገመቹ ናቸው በገዛ እጃቸው ግድግዳው ላይ በሚስማር የመቱልኝ። ከዚህ ቤት የምወደው እሷን ብቻ ነበር። ዛሬ እሷም ጠላችኝ፤ ከበሮው በእንጨቱ አልፎ ክርኔ ድረስ ይመጣል።

ከሐና ፋይል ዛሬ አንድ ብቻ ጨረስኩ። ዕቅዴ አራት ነበር።

ዓርብ፣ ግንቦት 28

አቤቱታ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ፣ በወጉ፤ ከሳሽ፣ ተከሳሾች፣ የክሱ ፍሬ ነገር፣ የሚጠየቅ ዳኝነት። ጨርሼ ሳበቃ ነው ግቢው ውስጥ ብሬል የሚያነብ ከእኔ በቀር እንደሌለ ትዝ ያለኝ። ለብቻዬ ሳቅኩ። ከሳምንት ወዲህ የመጀመሪያው ሳቄ መሆኑ ነው።

ኦቦ ገመቹ በር ላይ ነበሩ። «ኢንተላ ኮ፣ ማል ታቴ?» አሉኝ፣ ልጄ ምን ሆንሽ፤ ፊቴ ሳይነግርብኝ አልቀረም። ቆሜ አነበብኩላቸው። በጣቴ እየዳሰስኩ፣ ድምፄን እንደ ጠበቃ ጎርነን አድርጌ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «ጥሩ አንብበሻል። እሑድ ከሰዓት እነሱም አሉ፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን እናየዋለን» አሉ።

«ኦቦ ገመቹ፣ አንቱ አሁን ሄደው አንድ ቃል ቢነግሯቸው እኮ ያልቃል» አልኳቸው።

«የአንዱን ሰምቶ መፍረድ ጥሩ አይደለም» አሉኝ።

አንደኛ ዓመት የተማርኩትን እኔኑ አስተማሩኝ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ቢሆንም ልክ ነኝ። ማስረጃ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 29

ጎረቤቶቼ ኮሌጅ ናቸው። ጸጥታ ነው። ሦስት ፋይል ጨረስኩ። ሐና ለካ በየመሀሉ ታዛጋለች፣ እስከ ዛሬ ሰምቼው አላውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን መቀጥቀጥ ሲጀምር ገመድ ላይ ያሰጣሁት ልብስ ትዝ አለኝ። በር ስከፍት እግሬ አንድ ነገር ነካ። ልብሶቼ ናቸው። ደርቀዋል፣ ታጥፈዋል፣ ሸሚዙ ለብቻ፣ ካልሲዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በፌስታል። አስቴር ከኮሌጅ ስትመለስ ሰብስባቸው ነው አለችኝ ግቢው ውስጥ የምትኖር ሌላ ተማሪ።

እሺ፣ ይህ ምን የሚባል ጠላት ነው? አመሰግናለሁ ለማለት በራቸው ድረስ ሄድኩ። ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ነገ የምከሳትን ሰው ዛሬ ማመስገን ከበደኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 30

እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም።

በረንዳው ላይ አራታችን ተቀመጥን። ክሴን አቀረብኩ፣ ሰዓቱን ሁሉ ዘረዘርኩ። ኦቦ ገመቹ «አስቴር፣ አንቺስ?» አሉ። አስቴር በቀስታ «ምንም የለንም አባባ። ይቅር ትበለን። ከዛሬ ጀምሮ አንከፍትም» አለች። አለቀ። ረታሁ።

ያን ጊዜ ምሕረት ፈነዳች። «ኧረ ንገሪያቸው! እስከ መቼ? ቀኑን ሙሉ የምትቀጠቅጪው ምንድን ነው? ጭንቅላታችን ላይ እኮ ነው!»

ምን እቀጠቅጣለሁ? አልገባኝም። ምሕረት የበረንዳውን ግድግዳ በጣቷ መታችው። ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ። አወቅኩት። የእኔ ድምፅ ነው። ስታይለሱ፣ የብሬል መውጊያዬ፣ ወረቀት ሲወጋ።

አልጋቸው ራስጌው ግድግዳው ላይ ነው፣ ሌላ የሚገባበት ቦታ የለም። ይህን ወር በሙሉ ማታ ናቸው። ቆመው አድረው ይመጣሉ፣ ጋደም ሲሉ እኔ እጀምራለሁ። ጠቅታው አንድ ዓይነት ስላልሆነ ጆሮ አይለምደውም፣ አለች አስቴር። መዝሙሩን የሚከፍቱት እሱን እንዲሸፍንላቸው ነው። በመዝሙር ይተኛሉ፣ በእኔ አይተኙም። ጫማ የምጠግን መስሏቸው ነበር። ግድግዳውን መታ መታ ያደረጉት እንዲገባኝ ብለው ነው። «አንቺ ግን በጫማ መለስሽልን» አለች ምሕረት። ኦቦ ገመቹ ሊስቁ ብለው ሳል አስመሰሉት።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኩ።

የመለሰችልኝ አስቴር ናት። «አንቺን እንዴት ብለን? ምስኪን ናት፣ አናስቸግራት አልን።»

መደቧ መጣች። ጊንጪ ድረስ መሄድ አላስፈለገኝም።

ተነስቼ ገባሁ። ሳለቅስ እንዳይሰማ አፌን በትራስ ያዝኩ፤ ግድግዳው ምን እንደሚያሳልፍ አሁን አውቃለሁ። ያስለቀሰኝ ጥፋቴ ነው ወይስ ማዘናቸው? ሁለቱም። ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የነሳሁ እኔ፣ ከሳሽም እኔ። እነሱ ደግሞ እንደ ሰው ሊጣሉኝ እንኳ አልደፈሩም።

ይህን የምጽፈው ወለል ላይ ተቀምጬ፣ የብሬል መጻፊያዬን፣ ስሌቱን፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 1

የረቡዕን ዝርዝር በጣቴ ደግሜ አነበብኩት። እያንዳንዱ መዝሙር ከመጀመሩ በፊት እኔ ተቀምጫለሁ። ስነሳ ይቆማል። በገዛ እጄ ወግቼው አላየሁትም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከተኙበት ሲነሱ፣ በራቸውን አንኳኳሁ። ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ስለ ልብሱም አመሰገንኩ። ከዚያ የሚከብደውን ተናገርኩ። «የማያየው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ይሰማል። ሳስቸግራችሁ ጩሁብኝ። ዝም ካላችሁኝ ጎረቤት አይደለሁም ማለት ነው።» ምሕረት «እኔ እጮሃለሁ መሲ፣ ለእሱ አታስቢ» አለች። አስቴር ግን «አፌ አይልም» አለች።

አስቴርን ወደ ክፍሌ ወስጄ ስሌቱን አሳየኋት። ወረቀቱን የምይዝበትን የብረት ማቀፊያ፣ ስታይለሱን፣ ከቀኝ ወደ ግራ ወግቼ ገልብጬ እንደማነብ። ስሟን ወጋሁላትና ጣቷን ይዤ አስዳሰስኳት። «ይቺ ናት እንዲህ የምትጮኸው?» አለች።

ከዚያ ሙከራ አደረግን። እሷ አልጋዋ ላይ ተኛች፣ እኔ ከዚህ ወጋሁ። በባዶ ጠረጴዛ፤ «ይሰማል!» በሹራብ ላይ፤ «ይሰማል!» ጋቢ አራት እጥፍ አድርጌ፤ ዝም። «አስቴር?» ዝም። እንቅልፍ ወስዷት ነው ብላ ምሕረት በሳቅ ሞተች።

ኦቦ ገመቹ ጠረጴዛውን ነቅለው እግር ሊሠሩለት ቃል ገቡ፣ ጣውላ ሲያገኙ። «የመታሁት እኔ፣ የተጣላችሁት እናንተ» አሉ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 3

ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ድምፅ የለም። ስድስት ፋይል ጨርሻለሁ። ነገ ፈተና።

አንድ ነገር ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጸጥታው አስፈራኝ። መዝሙሩ ሳለ ብወድቅ የምናገረው ነበረኝ፤ ጎረቤቶቼ፣ ከበሮው፣ ቺፑዱ። አሁን ብወድቅ የምወድቀው እኔ ነኝ። ለካ ሳምንቱን ሙሉ ያን ሰበብ አቅፌው ነበር። ባለፈውስ? ባለፈው እኮ ከወዲያ በኩል ማንም አልነበረም።

ያን ዜማ ደግሞ ሳላስበው ሳንጎራጉር ራሴን ያዝኩት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 4

አለፈ። ማለት፣ ቀኑ አለፈ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አስቴርና ምሕረት ከሥራ ሲመለሱ ታክሲ መያዣው ላይ አገኙኝ። ምሕረት ረዳቱን «ከፊት አስቀምጣት፣ የምትሄደው ፈተና ነው» ብላ አዘዘችው። አስቴር እዚያው ቆማ፣ እጄን ይዛ፣ ጮክ ብላ ጸለየችልኝ። ሰው ሁሉ ሰማ። አፍሬ ነበር፣ ግን እጄን አላስለቀቅኩም።

ጥያቄዎቹን የምታነብልኝ ሴት ፈጣን ናት። ድሮ ቢሆን እንዳላስቸግራት ዝም እል ነበር። ዛሬ «ድገሚልኝ» አልኳት፣ ደጋግሜ። አንዴ በረጅሙ ተነፈሰች። እኔም ድጋሚ «ድገሚልኝ» አልኳት። ስለ ውል የመጡትን የሠራኋቸው ይመስለኛል። ስለ ግብር የመጡት ሁለቱ ግን ጨለማ ነበሩ። ውጤቱ መቼ እንደሚመጣ የነገረን የለም። አላውቅም፣ በእውነት አላውቅም። ግን ባለፈው ስወጣ ምግብ እንኳ አላሰኘኝም ነበር፤ ዛሬ ርቦኝ ነው የወጣሁት።

ቤት የደረስኩት ስምንት ሰዓት ነው። ሳልበላ፣ ቦርሳዬን አልጋው ላይ ጥዬ፣ ቀጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ። ይኸው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነኝ

ግድግዳው ተመታ። በቡጢ ነው፣ እንደ ድሮው መታ መታ አይደለም።

«መሲ! ኧረ ጋቢውን! እንተኛበት እንጂ!»

ምሕረት አይደለችም። አፌ አይልም ያለችው አስቴር ናት። ጮኸችብኝ።

ጋቢውን ላምጣ።