ሁለት የመሰለው አንድ ክር

እህታችን ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። የስድስት ልጆች በኩር ስለነበሩ ሁላችንም «እትዬ» እያልን አደግን። ገና በስምንት ዓመታቸው፣ አባታችን ከሰዓት ሆድ ብሎን ሲወድቅባቸው ወለል ላይ ተንበርክከው በወረንጦ የሚለቅሙላቸው እሳቸው ነበሩ።

በፊዚክስ ተመርቀው በሃያ ሦስት ዓመታቸው በአንድ የምርምር ተቋም የማይክሮስኮፕ ቴክኒሻን ሆነው ተቀጠሩ። በዚያው ዓመት የአውቶቡስ ሾፌር የሆኑትን ባለቤታቸውን አግብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል። በሥራ ቦታ «እትዬ ሌንስ» ይባሉ ነበር፤ ሌንስ በጣቱ የነካ ሰው በእሳቸው ፊት ምሳውን በሰላም አይበላም ነበርና።

ለሠላሳ ዓመት የያዙት ማይክሮስኮፕ ከፀጉር ሺህ ጊዜ የቀጠነ ነገር ያሳያል። ምስሉ ግን እንደ ፎቶ በአንዴ አይነሳም። በሴሉ ውስጥ የተቀባው ቀለም ነጥብ በነጥብ ብልጭ ይላል፤ ካሜራው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ነጥቦቹን ይለቅምና አንድ ላይ ያደርጋቸዋል። በመሃል ናሙናው ዓይን የማያየውን ያህል ቢንሸራተት፣ አንዱ ክር ሁለት ሆኖ ይወጣል። እትዬ ለዚህ መላ ነበራቸው፤ ከናሙናው ጋር የሚያበሩ ጥቃቅን ቅንጣቶች ያስቀምጣሉ። ቅንጣቱ ራሱ ሁለት ሆኖ ከታየ፣ የተንቀሳቀሰው መሣሪያው ነው ማለት ነው።

እትዬ ሃምሳ ዓመት ሲሆናቸው፣ የክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር በሴል ውስጥ ማንም ያላየው ጥንድ ክር አገኘሁ ብለው ኬክ አስቆረሱ። እትዬ ምስሉን አዩና ኬኩን ሳይቀምሱ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ቅንጣቶቹም ጥንድ ጥንድ ነበሩ! ምስሉ እየተነሳ ሳለ፣ ልክ በአሥረኛው ደቂቃ የአየር ማቀዝቀዣው ተነስቶ ጠረጴዛውን ነቅንቆታል። ይህንኑ ለፕሮፌሰሩ ቢነግሯቸው፣ ሁለት ልጆች ያሳደጉትን ሴት በሰው ፊት «አንቺ ሌንስሽን ጥረጊ፣ ሳይንሱን ለእኛ ተዪው» አሏቸው።

ጽሑፉ ታተመ። በሁለተኛው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች ሞክረው ጥንዱን አጡት፤ ጽሑፉም በውርደት ተሰረዘ። ታዲያ ጥፋተኛው ማን ሆነ? እትዬ! «ቴክኒሻኗ መሣሪያውን በአግባቡ አላስተካከለችም» ተብሎ በደብዳቤ ተጻፈ። ማስጠንቀቂያቸውን ያሰፈሩበት የክፍሉ መዝገብ የት እንደገባ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ጣታቸው የሰዓት ብሎን የሚለቅም ሴት የመጨረሻ አራት የሥራ ዓመታቸውን ዕቃ ግምጃ ቤት ካርቶን ሲደረድሩ አሳለፉ። እኛ ቤተሰቦቻቸው ይህን ስናስብ ዛሬም ያንገበግበናል።

እትዬ ግን የአባታችን ልጅ ናቸው። አባታችን የፈቱትን ሰዓት ሁሉ ቤት ባለ ደብተር ላይ ይጽፉ ነበር፤ እትዬም ማታ ማታ የቀኑን ሥራ በራሳቸው ደብተር ይገለብጡ ነበር። ደብተሩን ልጃቸው ባለፈው ሳምንት ስታስታምማቸው ከትራሳቸው ሥር አገኘችው። ኬኩ የተቆረሰበት ዕለት፣ የሚያዝያ ዘጠኝ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ቅንጣቶቹም ሁለት ሆነዋል። ክሩ አንድ ነው። ለፕሮፌሰሩ ነግሬአለሁ።»

በልብ ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በስልሳ አንድ ዓመታቸው፣ ኅዳር ሦስት ቀን አርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና አምስት ታናናሾቻቸው በሕይወት አሉ።

ተቋሙ ትናንት «ለታማኟ ረዳታችን» የሚል የአበባ ጉንጉን ልኮልናል። ረዳት! አበባውን በሩ አጠገብ አቁመነዋል። የደብተሩ ገጽ በእጃችሁ በያዛችሁት በዚህ የሕይወት ታሪክ ወረቀት ጀርባ ታትሟል። ፕሮፌሰሩም ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ለቅሶ ስለደረሱን እናመሰግናለን። ተነስተው ገጹን ለሕዝቡ ጮክ ብለው ካነበቡልን፣ አበባውን በእጃችን ወደ ሣጥኑ እናቀርበዋለን።

እውነትን አጥርተው ያዩትን የእህታችንን ነፍስ ፈጣሪ በብርሃኑ ያኑርልን። እኛ ቁጭ ብለን እየጠበቅን ነው።