አልተንቀሳቀሰም ስለተባለው ሸንተረር ለመሬት ክትትል ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የመሬት ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናችሁ የተሟላ፣ የምታድሩበትም ቤት ከሥሩ የጸና እንዲሆን እመኛለሁ። እኛ ከአምደወርቅ ወዲያ በሸንተረሩ ሥር የምንኖረው፣ በጽሕፈት ቤትዎ ማረጋገጫ መሠረት፣ ደህና ነን።

፩. በመጀመሪያ አምና በሰቆጣ አዳራሽ ስለሰጡን ትምህርት አመሰግናለሁ። በኳንተም ቁርኝት የተሳሰሩ ዳሳሽ መሣሪያዎች፣ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ከራሳቸው መንቀጥቀጥ የማይለዩትን ጥቂት እንቅስቃሴ፣ አብረው ሲለኩ እንደ አንድ ጆሮ እንደሚሰሙት አስረዱን። እውነት ነው፤ ዕድሜዬን ፊዚክስ ሳስተምር የኖርሁ ነኝና አጨበጨብሁ። ቀጥለው ግን መሣሪያዎቹ ያለ ስልክ ወሬ ይቀባበላሉ አሉ። እጄን ባወጣ፣ ሰዓት አልቋል ተባልሁ። ስለዚህ እዚህ ልበለው፦ ቁርኝት ወሬ አያደርስም። የተቆራኙትም ቢሆኑ ልኬታቸውን የሚያደርስ ሬዲዮ ወይም እግረኛ ይሻሉ፤ ምስጢሩ የሚታየው ልኬቶቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብቻ ነው።

፪. በዚያው ሰሞን የሸንተረሩን ልኬት ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ያደርስ የነበረውን ሬዲዮአችንን ስላስነሡልን ምስጋናዬ ከዚህም የላቀ ነው። ገና ላልተሠራ መሣሪያ ሲባል ያለውን መንቀል አርቆ አሳቢነት ነው። በሸንተረሩ ላይ የተተከሉት ሦስቱ ዳሳሾች ግን ቁርኝት ያልነካቸው ተራ መሣሪያዎች ናቸው። ሸንተረሩ በወረዳ ወሰን ላይ የተኛ በመሆኑ የጫፉ ልኬት ሰቆጣ፣ የወገቡ አምደወርቅ፣ የግርጌው ጽጽቃ ላሉት ሠራተኞችዎ ይደርሳል። ሦስቱ ተገናኝተው አያውቁም፤ እያንዳንዳቸውም በየፊናቸው «ከመሣሪያው ስሕተት ያልዘለለ» ብለው ጻፉ። በነሐሴ ሸንተረሩ ወረደ። የጎረቤቴ የካሤ ባለቤት ለተሥላሴ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ምንጩ እንደወጣች ቀረች። ምንጩም ቀረ።

፫. የወረደው የጎርፍ ደለል እንጂ ሸንተረሩ እንዳልተንቀሳቀሰ በማኅተም ስላረጋገጡልንም እናመሰግናለን። በእኛ አገር መርዶ በየቤቱ እየተቆራረሰ አይነገርም፤ የሚያውቁት ሁሉ ተሰብስበው፣ ጎህ ሲቀድ፣ በአንድ ቃል ያረዳሉ። ሽማግሌዎቻችን እንዲሁ ተሰብስበው ካሤ ደጅ ሲደርሱ፣ የእርስዎን ማረጋገጫ አውጥቶ አሳያቸው። ሬሳ አላገኙም፤ መሬቱም አልተንቀሳቀሰም፤ ሳያረዱት ተመለሱ። እሱም ትመጣለች ብሎ ከዚያ ቤት አልወጣም።

የእርስዎን ትምህርት ባስረዳው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«መምህር፣ ከተቆራኙት አንዱን መሬት ቢውጠው ሌላው ይሰማዋል?»

አይሰማውም አልሁት። ከዚያ ወዲህ ጆሮውን መሬት ላይ አድርጎ ተኝቶ አገኘዋለሁ። ላስነሣው የሚገባኝ እኔ ነበርሁ፤ አንድ ቀን ግን አጠገቡ ተኛሁ። ከበታችን፣ ከመሬቱ ውስጥ፣ የሚሄድ ነገር አለ፣ ክቡር ሆይ። ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ እሱ ግን በስሟ ይጠራዋል።

ክረምት ሳይገባ ሦስቱን ልኬቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡልን። ለዚህ ኳንተም አያስፈልግም፤ ጠረጴዛ ይበቃል።

ከማይንቀሳቀሰው ሸንተረር ሥር፣ ለክቡርነትዎ የጸና መሬትና የማይቋረጥ እንቅልፍ እየተመኘሁ፣

ታዛዥዎ ገብረ አማኑኤል ምሳው
የፊዚክስ መምህር
ግንቦት ፲፱፻፺፱ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሦስቱም ልኬቶች በእጅዎ ናቸውና መርዶ አርጂው እርስዎ ነዎት። ጎህ ሲቀድ ይምጡ። ማንኳኳት አያስፈልግዎትም፤ ካሤ ከዚያን ቀን ወዲህ በሩን ዘግቶ አያውቅም። ብቻ ቀስ ብለው ይርገጡ፤ ኮቴ በሰማ ቁጥር እሷ ትመስለዋለች።